ከቅጠል ላይ እስከ ስም፦ አዲስ የረጅም ቀንድ ጢንዚዛ ዝርያ እንዴት ይገለጻል?

እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ጄምስ ትዊድ የተባለ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ በአውስትራሊያ፣ ላሚንግተን በሚባለው የዝናብ ደን አካባቢ ድንኳን ተክሎ አደረ። ጠዋት በካምፑ ውስጥ ሲያልፍ አንድ ቅጠል ላይ ነጭ ነገር ዓይኑ ውስጥ ገባ። የወፍ ኩስ ነበር የመሰለው። ጠጋ ብሎ ሲያየው እግር አለው፣ አንቴና አለው፣ ሰውነቱ በረጃጅም ነጭ ፀጉር ተሸፍኗል። ርዝመቱ 9.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

በ2024 ይህ ጢንዚዛ ኤክስካስትራ አልቦፒሎሳ የሚል ስም ይዞ ታተመ። የመጀመሪያው ቃል በላቲን “ከካምፑ” እንደ ማለት ነው፤ ሁለተኛው “ነጭ ፀጉራም” ማለት ነው። አዲስ ዝርያ ብቻ ሳይሆን አዲስ ወገንም (የሚቀራረቡ ዝርያዎችን የሚያቅፍ ቡድን) ሆኖ ነው የተገኘው።

ቅጠሉ ላይ በታየበትና ስሙ በታተመበት ቀን መካከል ሁለት ዓመት ከምናምን አለ። ይህ መመሪያ ስለዚያ መሃል ነው። ብዙ ሰው አዲስ ዝርያ መግለጽ ስም ማውጣት ይመስለዋል። ስም ማውጣት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ትልቁ ሥራ ይህ ጢንዚዛ እስከ ዛሬ ስም ከወጣላቸው ከየትኞቹም ጋር አንድ አለመሆኑን ማሳየት ነው። ይህ ጢንዚዛ ባለበት በረጅም ቀንዶች ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ ስም ያላቸው ዝርያዎች ከ35,000 በላይ ናቸው።

(ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አንድ የኢትዮጵያ አዋጅ ስጠቅስ ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው። የሳይንስ ስሞቹን ለንባብ እንዲመቹ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ።)

በቅድሚያ፣ የያዛችሁት ነገር ረጅም ቀንድ ነው?

ቤተሰቡ ሴራምቢሲዴ ይባላል። አብዛኞቹ አንቴናቸው ከሰውነታቸው ግማሽ ይበልጣል፤ የአንዳንድ ወንዶች ደግሞ የሰውነታቸውን ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሄዳል። አንቴናው እንደ ሸንኮራ አገዳ አንጓ አንጓ አለው፤ ብዙውን ጊዜ 11። ዓይናቸውን በማጉያ ስታዩት ክብ አይደለም፤ በብዙዎቹ የአንቴናውን መነሻ አቅፎ እንደ ኩላሊት የጎደጎደ ነው። እግራቸው መጨረሻ ላይ ያለው መርገጫ አራት አንጓ ይመስላል፤ በእርግጥ አምስት ነው፤ አራተኛዋ ኢምንት ሆና በሦስተኛው እቅፍ ውስጥ ተደብቃለች።

እጫቸው አብዛኛውን ጊዜ እንጨት ውስጥ ነው የሚያድገው። ማገዶ ስንፈልጥ የሚወድቀው ነጭ ወፍራም ትል አንዳንዴ የዚህ ቤተሰብ ልጅ ነው። በአማዞን የሚኖረው ታይታነስ ጂጋንቴየስ 16 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ ከ3 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጡ ዘመዶችም አሉት። አዲስ ዝርያ የመገኘት ዕድሉ ከትልልቆቹ ይልቅ በትንንሾቹ ግራጫ ጢንዚዛዎች ላይ ይበዛል። ትልቁንና ያማረውን ሰብሳቢዎች ከድሮ ጀምረው ለቅመውታል።

1. ፈቃዱን ከመረቡ በፊት ያዙ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ሥራው ሁሉ ከንቱ ሊቀር ይችላል። ዛሬ ጥሩ መጽሔቶች የመሰብሰቢያ ፈቃድ ቁጥር ይጠይቃሉ፤ ሙዚየሞችም ያለ ፈቃድ የወጣ ናሙና አይቀበሉም። በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የናጎያ ፕሮቶኮል አንድ አገር በጄኔቲክ ሀብቱ ላይ ያለውን መብት ይጠብቃል። በኢትዮጵያ ጉዳዩን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ነው፤ የምትሄዱትም ወደ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ፣ ለምሳሌ በባሌ ተራሮች ሥር ያለው የሐረና ደን፣ የፓርኩ ፈቃድም ያስፈልጋል።

ናሙናው በመጨረሻ የት እንደሚቀመጥም ገና በዚህ ጊዜ ተስማሙ። የደኑ ባለቤት በሆነው አገር ቢቀር ደስ ይለኛል። የኢትዮጵያ ነፍሳት የመጀመሪያ ናሙናዎች ብዙዎቹ አውሮፓ ሙዚየሞች ውስጥ ናቸው፤ እዚህ ያለ ተማሪ የአገሩን ጢንዚዛ ለማየት የአውሮፕላን ትኬት ያስፈልገዋል። ይህን ወደፊት ለሚመጣው ተማሪ መድገም የለብንም።

2. መሰብሰብ

የመጀመሪያው ዘዴ ብርሃን ነው። ነጭ አንሶላ በሁለት ዛፍ መካከል ይወጠራል፤ ፊት ለፊቱ የሜርኩሪ አምፖል ወይም አልትራቫዮሌት መብራት ይንጠለጠላል። ጨረቃ የሌለችበት፣ ደመናማና ሞቃት ሌሊት ምረጡ። አንሶላው ላይ የሚያርፈውን ብቻ አትመልከቱ። ብዙ ረጅም ቀንድ ወደ ብርሃኑ ይመጣና ጥላው ጋ ሲደርስ ቅጠል ላይ ያርፋል። ስለዚህ በየሃያ ደቂቃው የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ዙሪያውን ቅጠል በቅጠል እዩ። የአንሶላውን ጀርባና መሬት የነካውን ጫፍም እንዲሁ። ቶሎም አትተኙ፤ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ የሚመጡ አሉ።

ቀን ላይ ደግሞ ዣንጥላ ይዛችሁ ውጡ። ዣንጥላውን ገልብጣችሁ ከደረቀ ቅርንጫፍ ሥር ትይዙታላችሁ፤ ቅርንጫፉን በዱላ ሁለቴ ጠንከር አድርጋችሁ ትመታላችሁ። ቅጠሉ፣ ሸረሪቱ፣ ጉንዳኑ፣ ጢንዚዛው ሁሉ ዣንጥላው ውስጥ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ረጅም ቀንድ ሲወድቅ አንቴናውን ወደ ኋላ አጥፎ የእንጨት ስባሪ መስሎ ይተኛል። ዝም ብላችሁ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። መጀመሪያ አንድ እግር ይንቀሳቀሳል።

ሦስተኛው ዘዴ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፦ ከእንጨቱ ውስጥ ማሳደግ። በብርሃን የተያዘ ጢንዚዛ ከየት እንደመጣ አይናገርም። ከቅርንጫፍ የወጣ ግን ምን እንደበላ ይዞ ይወጣል። ዤራር ታቫኪልያን እና ባልደረቦቹ በፈረንሳይ ጉያና ደን ያደረጉት ይህን ነው፤ ከታወቁ ዛፎች እንጨት እየወሰዱ የሚወጣውን ጢንዚዛ መዘገቡ፤ በ1997 ደግሞ የትኛው ዝርያ በየትኛው ዛፍ እንደሚያድግ የሚያሳይ ሰፊ ዝርዝር አወጡ።

በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ ደኖች ለዚህ የሚመች አንድ ምልክት አለ። ኦንሲደሬስ የሚባለው ወገን እናቲቱ ቅርንጫፉን ዙሪያውን በመንጋጋዋ ትቀረድደዋለች። በሕይወት ያለ እንጨት ለእጮቿ አይሆንም፤ ስለዚህ ራሷ ታደርቀውና እንቁላሏን በሚሞተው ክፍል ትጥላለች። ነፋስ ሲመጣ ቅርንጫፉ ይወድቃል። መሬት ላይ የወደቀውን አንስታችሁ ጫፉን እዩ፦ ዳሩ ዙሪያውን በቢላ የተቆረጠ ይመስላል፤ መሃሉ ላይ ብቻ ጣት የሚያህል ወይም ያነሰ የተሰበረ ሸካራ ቦታ አለ። ይህን ካያችሁ አትጣሉት። ወደ ቤት ውሰዱት፤ ሌሎች ረጅም ቀንዶችም በዚያው ቅርንጫፍ ውስጥ ሊገቡበት ይችላሉ።

ቅርንጫፎቹን ጥቅጥቅ ባለ ወንፊት በተሸፈነ ባልዲ ወይም ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ፤ አልፎ አልፎ ውኃ እርጩባቸው፤ የዛፉን ስም ባልዲው ላይ ለጥፉ። ከዚያ ጠብቁ። አንዳንዱ በሁለት ወር ይወጣል፤ አንዳንዱ ከዓመት በላይ ይቆያል። ባዶ ነው ብላችሁ ለመጣል አትቸኩሉ።

የዛፉን አናት አትርሱ ደግሞ። ቴሪ ኧርዊን በፓናማ ከ19 ዛፎች አናት ላይ ነፍሳትን በመርዝ ጭስ አውርዶ 1,200 ገደማ የጢንዚዛ ዝርያ አግኝቷል። በ1982 ከዚህ ተነስቶ በምድር ላይ 30 ሚሊዮን የነፍሳትና የዘመዶቻቸው ዝርያ ሊኖር ይችላል ብሎ ገመተ። ግምቱ ዛሬ በብዙዎች ዘንድ የተጋነነ ነው ተብሏል። እዚያ ላይ የሚኖረው መሬት ላይ ከሚኖረው መለየቱን ግን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። የወደቀ ትልቅ ዛፍ ካገኛችሁ የአናቱን ቅርንጫፎች ለይታችሁ፣ “ከአናት” ብላችሁ ጽፋችሁ ሰብስቡ።

3. መግደልና ማቆየት

በትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ጥጥ ወይም ሰጋቱራ አድርጋችሁ ጥቂት ኤቲል አሲቴት ጠብ ታደርጋላችሁ። ጢንዚዛው ቶሎ ይሞታል፤ ሰውነቱም ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። አንድ ችግር አለው፤ ዲኤንኤውን ይጎዳል። ስለዚህ ከአንድ ዓይነት ሁለት ካገኛችሁ አንዱን በቀጥታ ከ95 በመቶ በላይ በሆነ አልኮል ውስጥ ክተቱ። አንድ ብቻ ከሆነ ፍሪዘር ውስጥ ግደሉትና ከመድረቁ በፊት የግራ መሃለኛ እግሩን ቆርጣችሁ አልኮል ውስጥ አስቀምጡ። እግሩና ጢንዚዛው አንድ ዓይነት ቁጥር ይያዙ።

በሞቃትና እርጥብ ደን ውስጥ ሻጋታ በሁለት ቀን ይደርሳል። ናሙናውን እርጥበት ከሚመጥጥ ሲሊካ ጄል ጋር በሚገጠም ዕቃ ዝጉበት። ከጉንዳንም ጠብቁት።

4. መለያ ወረቀቱ

ናሙናው ጢንዚዛ ነው፤ ማስረጃው ግን ወረቀቱ ነው። አገር፣ ክልል፣ የቦታ ስም፣ የጂፒኤስ ነጥብ፣ ከፍታ፣ ቀን፣ የሰብሳቢ ስም፣ ዘዴ፣ ከታወቀ የዛፉ ስም። የጂፒኤስ ቁጥሩን ከነጥብ በኋላ አራት አሃዝ ድረስ ጻፉ፤ ያ 11 ሜትር ገደማ ድረስ ያደርሳል። አሲድ በሌለው ወረቀት ላይ፣ በማይለቅ ቀለም ይጻፍ።

ቀን ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው የሁሉም ሰው ነው፦ 3.9.2023 ለአንዱ መስከረም 3 ነው፣ ለሌላው መጋቢት 9። ለዚህ ሲባል ወሩን በሮማ ቁጥር መጻፍ በሙያው የቆየ ልማድ ነው። ሁለተኛው የእኛ ነው። አገር ውስጥ የምትሰበስቡ ከሆነ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ጽፋችሁ አትተዉት። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሳኦ ፓውሎ ወይም ፓሪስ ቁጭ ብሎ የሚያነበው ሰው 2016 ሲያይ ልዩነቱን አያውቅም፤ ጢንዚዛችሁን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፦ “ከሌሊቱ 5 ሰዓት” ብላችሁ ብትጽፉ ሊነጋ ሲል ይመስለዋል፤ 23:00 ብላችሁ ጻፉ። ማስታወሻ ደብተራችሁ በአማርኛ ይሁን፣ ችግር የለም። መለያ ወረቀቱ ግን ለማታውቁት ሰው የተጻፈ ደብዳቤ ነው።

5. መርፌው

መርፌው የሚገባው በቀኙ የክንፍ መከለያ የላይኛ ክፍል ላይ ነው። ክንፍ መከለያ የምለው ጀርባውን የሚሸፍነውን ጠንካራ የፊት ክንፍ ነው። በመሃል ከወጋችሁ ሁለቱ መከለያዎች የሚገጥሙበትን ስፌት ታበላሻላችሁ፤ በቀኝ ከሆነ ግራው ሙሉ ይቀራል። ከ8 ሚሊ ሜትር የሚያንሱትን አትውጉ፤ በትንሽ ሦስት ማዕዘን ካርቶን ጫፍ ላይ በውኃ በሚለቅ ሙጫ ለጥፏቸው። አንቴናዎቹን ወደ ኋላ ወደ ጎን ሰብስቡ። እንደ ዘረጋችሁት ከደረቀ ሳጥኑን በከፈታችሁ ቁጥር አንድ አንጓ ይረግፋል፤ የጠፋው አንጓ ደግሞ በኋላ የምትለኩት ሊሆን ይችላል።

6. ወደ ወገኑ ማድረስ

አሁን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ንዑስ ቤተሰቡን ለዩ። ፊቱ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ያለ፣ የአፉ መዳሰሻ የመጨረሻ አንጓ እንደ እሾህ የሾለ ከሆነ ላሚኒ ከሚባሉት ነው። መዳሰሻው ጫፉ የተቆረጠ የሚመስል ከሆነ ወደ ሴራምቢሲኒ ተመልከቱ። የደረቱ ጋሻ ጎንና ጎኑ እንደ ጠርዝ የሰላ፣ ብዙ ጊዜም ጥርስ ያለው ከሆነ ፕሪዮኒኒ ሊሆን ይችላል። ላሚኒ ከሁሉም ትልቁ ነው።

ከዚያ በታተሙ መለያ ቁልፎች (በጥያቄና መልስ ደረጃ በደረጃ በሚመሩ ዝርዝሮች) እየተመራችሁ እስከ ወገኑ ውረዱ። አንዱ ጥያቄ ላይ ከተጠራጠራችሁ ሁለቱንም መንገድ ሂዱበት። እዚህ ላይ የባለሙያ ዓይን ብዙ ወር ያተርፋል። ጥሩ ፎቶ ከላይ፣ ከጎን፣ ከሥርና ከፊት አንሥታችሁ በቡድኑ ላይ ለሚጽፍ ሰው ላኩ። የዚህ ሙያ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ በአክብሮት ለጻፈላቸው አብዛኞቹ ይመልሳሉ።

7. ከዘመዶቹ ጎን ማቆም

የሥራው ልብ እዚህ ነው። ወገኑን ካወቃችሁ በኋላ በዚያ ወገን ውስጥ ያሉትን ዝርያዎች በሙሉ ዝርዝራቸውን ታወጣላችሁ። ታይታን የሚባለው የመረጃ ቋት የዓለምን ረጅም ቀንዶች ስም ይዟል፤ ያው ታቫኪልያን ከኤርቬ ሼቪዮት ጋር የሠራው ነው። የጥንቱን ጽሑፍ በነፃ የምታገኙት ደግሞ በብዝሀ ሕይወት ቅርስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ነው።

ዝርዝሩ አምስት ዝርያ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። ሁለት መቶም ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ የመጀመሪያውን ገለጻ አንብቡ። አንዳንዱ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ገለጻ ሦስት መስመር ላቲን ነው፦ “ጥቁር፣ ግራጫ ፀጉር ያለው፣ ሁለት ነጭ ነጥብ” ይልና ያበቃል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ስቴፋን ፎን ብሮይኒንግ አለ። እኚህ ሰው በላሚኒ ላይ ብቻ ከ7,000 በላይ ስሞች አውጥተዋል፤ ብዙዎቹ ገለጻዎቻቸው አጫጭር ናቸው። ስለዚህ በጽሑፍ ብቻ መወሰን አይቻልም። ስሙ የተሰጠበትን ናሙና ራሱን ማየት አለባችሁ። ያ ናሙና ሆሎታይፕ ይባላል፤ ለስሙ እንደ ሰነድ ነው። ብዙ ሙዚየሞች ዛሬ የሆሎታይፕ ፎቶ ይሰጣሉ። ፎቶው የማያሳየውን ነገር፣ ለምሳሌ የሆዱን ጎን፣ በትሕትና ጠይቁ።

እዚህ ላይ ያጠፋሁትን ጊዜ ልንገራችሁ። በአንድ ወቅት አንድ ትንሽ ጢንዚዛ ስድስት ሳምንት ያህል ይዞኛል። ክንፍ መከለያው ልሙጥ ጥቁር፣ ዘመዶቹ ግን ሁሉም ግራጫ ፀጉር ያላቸው። አዲስ ነው ብዬ ሥዕሉን ሁሉ ጀምሬ ነበር። አንድ ቀን ብርሃኑን ከጎን አድርጌ በትልቁ ሳጎላው፣ ከስፌቱ ጥግ ሥር አራት አጫጭር ግራጫ ፀጉሮች ቆመው አየሁ። ጢንዚዛው ልሙጥ አልነበረም። አርጅቶ፣ በቅርንጫፍ መካከል ሲሽሎከለክ ኖሮ ተፍቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፀጉርን ብቻ ይዤ አልነሣም።

ከመፋቅ ሌላ የሚያሳስቱ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ጾታ ነው፤ ወንዱ ረጅም አንቴና፣ ወፍራም የፊት እግር ሲኖረው ሴቷ ሌላ ዝርያ እስክትመስል ትለያለች። ሁለተኛው መጠን ነው፤ እጩ በቀጭን ደረቅ ቅርንጫፍ ውስጥ ካደገ ጢንዚዛው የወንድሙን ግማሽ አክሎ ሊወጣ ይችላል። ሦስተኛው ቀለም ነው፤ በአንድ ዝርያ ውስጥ ቡናማና ጥቁር ሊኖር ይችላል። እንግዲህ የሚታመነው ምንድን ነው? ቅርጽ። የአንጓዎቹ ርዝመት እርስ በርስ ሲነጻጸር፣ የክንፍ መከለያው ጫፍ ክብ ነው፣ የተቆረጠ ነው ወይስ እሾህ አለው፣ በደረቱ ጋሻ ላይ ያሉት እብጠቶች ቁጥርና ቦታ፣ የጥቃቅን ጉድጓዶቹ አሰላለፍ፣ በፊት እግሮቹ መካከል ያለው አጥንት መሰል ክፍል ስፋት።

በመልክ የሚመሳሰሉትን ብዙ ጊዜ የሚለየው የወንዱ የመራቢያ አካል ነው። ደረቁን ጢንዚዛ በሙቅ ውኃ አለስልሳችሁ ከሆዱ ጫፍ ታወጡታላችሁ፤ በ10 በመቶ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሙሙቅ ውኃ ውስጥ ሥጋው እስኪሟሟ ታቆዩታላችሁ (ጓንትና መነጽር ይኑራችሁ፤ ቆዳ ያቃጥላል)፤ ታጥቦ በግሊሰሪን በትንሽ ቱቦ ውስጥ ከዚያው መርፌ ሥር ይሰካል። ከጢንዚዛው አትለዩት።

ዲኤንኤም ይረዳል። ብዙ ጊዜ የሚነበበው ሲኦአይ የተባለው ዘረ መል 658 ፊደል የሚያህል ክፍል ነው። ሴትና ወንድን ለማጣመር፣ እጩን ከወላጁ ለማገናኘት ግሩም ነው። ብቻውን ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም ከመቶ ዓመት በፊት የተሰበሰቡት አብዛኞቹ ሆሎታይፖች ተመሳሳይ ንባብ የላቸውም። የምታነጻጽሩት ከማን ጋር ነው?

8. መጻፍ

ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ሕግ ጥቂት ነገር ግን ጥብቅ ነገሮች ይፈልጋል። ስሙ አዲስ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። ዝርያውን ከሌሎች የሚለዩት ምልክቶች በቃላት ይገለጹ፤ ፎቶ ብቻውን አይበቃም። አንድ ናሙና ሆሎታይፕ ተብሎ ይሰየም። የት ሙዚየም እንደሚቀመጥም ይነገር። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ስሙ ሕይወት የለውም።

ከሁሉም የሚነበበው ክፍል መለያው ነው፤ አጭር አንቀጽ ሆኖ አዲሱ ከቅርብ ዘመዱ በምን እንደሚለይ ይናገራል። “አዲሱ ዝርያ ተለቅ ያለና ጠቆር ያለ ነው” ብላችሁ አትጻፉ። ከምን አንጻር ተለቀ? ይልቅስ እንዲህ በሉ፦ “የአንቴናው ሦስተኛ አንጓ ከመጀመሪያው 1.3 እጥፍ ይረዝማል፤ በቅርብ ዘመዱ እኩል ናቸው። የክንፍ መከለያው ጫፍ የውጪ ማዕዘኑ ሾጣጣ ነው፤ በዘመዱ ክብ ነው።” አንባቢው በአንድ እጁ ጢንዚዛ፣ በሌላው ጽሑፋችሁን ይዞ እዚያው መወሰን አለበት።

ከዚያ ሙሉው ገለጻ ይመጣል። ከራስ ጀምራችሁ ወደ ደረት፣ ክንፍ መከለያ፣ እግርና ሆድ ውረዱ። የዘመዶቹ ገለጻ የሄደበትን ቅደም ተከተል ያዙ። ልኬቱን በሚሊ ሜትር፣ እስከ አንድ አሥረኛ ጻፉ። ከአንድ በላይ ናሙና ካላችሁ ትንሹንና ትልቁን ስጡ። ፎቶውን በተለያየ የትኩረት ርቀት ብዙ አንሥታችሁ በሶፍትዌር አዋህዱት፤ አለበለዚያ አንቴናው ሲጠራ ጀርባው ይደበዝዛል። የልኬት መስመር ከሥሩ ይኑር።

አንድ ደስ የሚለኝ ነገር ላንሣ። ሕጉ ገለጻው በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ ብሎ አያስገድድም። ስሙ ብቻ በላቲን ፊደል መሆን አለበት። በዓለም ላይ በሰፊው በሚነበብ ቋንቋ እንዲጻፍ ይመክራል፤ ምክሩም ትክክል ነው። ከእንግሊዝኛው ጎን የአማርኛ ማጠቃለያ ማስገባት ግን የሚከለክለው የለም። የሐረና ወይም የከፋ ጢንዚዛ የምትገልጹ ከሆነ የአካባቢው ሰው የሚያነበው አንድ አንቀጽ ተጨማሪ ድካም አይሆንም።

9. ስሙ

ቅጽል ከሆነ ከወገኑ ስም ጾታ ጋር ይስማማ፦ አልቡስ፣ አልባ፣ አልቡም። በቦታ ከሰየማችሁ መጨረሻው ኤንሲስ ወይም ኤንሴ ይሆናል። በሰው ከሆነ ለወንድ ኢ፣ ለሴት ኤ የሚል ድምፅ ያለው መድረሻ ይጨመራል። በራስ ስም መሰየምን ሕጉ በቀጥታ ባይከለክልም በሙያው ነውር ነው። መንገድ የመራችሁን የአካባቢ ሰው፣ ወይም እጩ የኖረበትን ዛፍ ብታስቡ ይሻላል። በዚያው ወገን ያው ስም አስቀድሞ አለመሰጠቱን በታይታን ፈትሹ። ስሙ ምን ማለት እንደሆነም በአንድ መስመር ጻፉ።

10. ማተምና ማስረከብ

ዙታክሳ፣ ዙኪስና የአውሮፓ የታክሶኖሚ መጽሔት ይህን ዓይነት ሥራ ያትማሉ። ሦስተኛው ከጸሐፊም ከአንባቢም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ተቋም ለሌለው ሰው ጥሩ ነው። ከ2012 ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ብቻ የሚወጣ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ዙባንክ በተባለው የእንስሳት ስሞች መዝገብ ላይ መመዝገብ፣ ምዝገባውም በጽሑፉ ውስጥ መታየት አለበት። ገምጋሚዎች “ይህን ዝርያ አይታችኋል?” ቢሏችሁ ቅር አይበላችሁ። ሰባተኛው ደረጃ ላይ የዘለላችሁትን እያሳዩአችሁ ነው።

ሆሎታይፑ ቀይ ወረቀት ይታሰርለትና ቃል ወደ ገባችሁበት ሙዚየም በእጅ ይሂድ። ከቻላችሁ በፖስታ አትላኩት። የዚያው ዝርያ ሌሎቹ ናሙናዎች፣ ፓራታይፕ የሚባሉት፣ በተለያዩ ከተሞች ይከፋፈሉ። ምክንያቱን ሪዮ ዴ ጃኔሮ አሳይታናለች። መስከረም 2 ቀን 2018 ሌሊት የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም ተቃጠለ፤ የነፍሳት ስብስቡ አብዛኛው፣ ረጅም ቀንዶችም ጭምር፣ አመድ ሆነ። በውሰት ወጥተው የነበሩና ሌላ ቦታ የተቀመጡ ናሙናዎች ተረፉ። ናሙናው የኢትዮጵያ ከሆነ ቢያንስ ጥቂቱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይቅር።

ጽሑፉ ሲወጣ ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት፣ ለፓርኩ ጠባቂዎችና አንሶላውን አብሯችሁ ለወጠረው ሰው ቅጂ አድርሱ። ኤክስካስትራ ሲገለጽ የታወቀው ናሙና አንድ ብቻ ነበር። የእናንተም አንድ ብቻ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር፣ መለያ ወረቀቱ ላይ ወደጻፋችሁት ነጥብ ተመለሱ። ሴቷን ካገኛችሁ ወንዱን፣ ወንዱን ካገኛችሁ ሴቷን ፈልጉ። ዣንጥላውንም ይዛችሁ ሂዱ።